ትርፉ አለ፤ ገንዘቡ ግን ወዴት ሄደ?

የመጀመሪያው የድኅረ ምረቃ የሒሳብ ትምህርት እንዴት ሊዘጋጅና ሊሰጥ እንደሚገባው

በአዲስ አበባ የንግድ ቤት ያላቸው ብዙ ሰዎች ልጃቸውን ወይም ሥራ አስኪያጃቸውን በማታና በቅዳሜ ወደሚሰጠው የንግድ አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ይልካሉ፤ ራሳቸው ተመዝግበው የሚማሩም አሉ። ከትምህርቶቹ ሁሉ ለነጋዴ ይበልጥ የሚቀርበው የፋይናንስ ሒሳብ መግቢያ ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው ፈተናውን በጥሩ ነጥብ አልፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ አባቱ የሱቁን ደብተር ዘርግተው «ሒሳብ ሠራተኛው ዘንድሮ አትርፈናል ይለኛል፤ በባንክ ያለው ገንዘብ ግን ከአምናው ያነሰ ነው፤ ትርፉ ወዴት ሄደ?» ብለው የጠየቁት እንደሆነ፣ ልጁ ዴቢትና ክሬዲትን እንደ ዳዊት በቃሉ ቢያጠናም የሚመልሰው ያጣል።

ይህ ጉድለት ከተማሪው ስንፍና ይልቅ ከትምህርቱ አሰላለፍ የሚመጣ ነው። ትምህርቱን የሚያዘጋጅ መምህር አስቀድሞ የአባትየውን ጥያቄ በወረቀቱ ራስጌ ላይ ጽፎ፣ ከዚያ በኋላ ይህን ለመመለስ ተማሪው ምን ምን ሊያውቅ ያስፈልገዋል እያለ ወደ ኋላ ቢያቅድ፣ የአሥራ ስድስቱ ሳምንት ትምህርት ሌላ መልክ ይይዛል።

ለመሆኑ በዚህ ክፍል የሚቀመጠው ማን ነው? መሐንዲስ፣ ነርስ፣ የባንክ ገንዘብ ያዥ፣ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አብዛኞቹ ሒሳብ ሠራተኛ የመሆን አሳብ የላቸውም፤ የሚፈለግባቸው ሒሳብ ሠራተኛው አዘጋጅቶ የሚያቀርብላቸውን ወረቀት አንብበው መፍረድ ነው። በአሜሪካ አገር የሒሳብ ትምህርትን ለማሻሻል ከእ.ኤ.አ. 1989 እስከ 1996 የሠራው ኮሚሲዮን ይህንኑ ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው መግለጫ የመጀመሪያው የሒሳብ ትምህርት መዝገብ ለሚይዙት ብቻ ሳይሆን መዝገቡን ለሚጠቀሙበትም እንዲሆን መክሯል። በእኛ አገር ግን የቆየው ልማድ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለባንክና ለመሥሪያ ቤት የሚሆኑ ጸሐፊዎችንና ሒሳብ ያዦችን ያሠለጥን ነበርና፣ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ከዕለት መዝገብ መጀመሩ ተገቢ ነበር። ያንኑ ሥርዓት ሳይለውጡ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ መስጠት ግን ሾፌር ለማሠልጠን የተዘጋጀውን ትምህርት ለመኪናው ባለቤት እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ከዕለት መዝገብ መጀመር ጥንታዊ ሥርዓት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የጥንቱ መጽሐፍ ራሱ አይደግፈውም። ሉቃ ፓቾሊ የተባለው የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኩሴና የቁጥር መምህር የቬኔሲያ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን የሁለት ወገን አመዘጋገብ እ.ኤ.አ. በ1494 በመጽሐፍ ሲያሳትም፣ ትምህርቱን የጀመረው ነጋዴው ያለውን ሀብትና ያለበትን ዕዳ ሁሉ ቆጥሮ በዝርዝር እንዲጽፍ በማዘዝ ነው። የማስታወሻው ደብተር፣ የዕለቱ መዝገብና ዋናው መዝገብ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የፓቾሊ የማስታወሻ ደብተር ዛሬ በየሱቁ ከምናየው የዱቤ ደብተር ብዙ የራቀ አልነበረም፤ የተገኘው ሁሉ በየሰዓቱ ይጻፍበት ነበር።

ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ስለ ዴቢትና ክሬዲት አንዲት ቃል ሳይናገር፣ በሰሌዳው ላይ አንድ ሱቅ ቢከፍት ይሻላል። ሱቁም ተማሪው በየቀኑ በደጁ የሚያልፍበት ዓይነት ይሁን። ለምሳሌ ያህል በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በቤቴል ሰፈር ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ቀለም፣ ቧንቧ፣ ሚስማርና ቁልፍ የሚሸጥ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለ እንበል። ሱቁም ቁጥሩም ለትምህርት ታስበው የተዘጋጁ ናቸው። ባለሱቁ ዕቃውን ከመርካቶ አከፋፋዮች ከፊሉን በእጅ በእጅ፣ ከፊሉን በዱቤ ያመጣል፤ እርሱም በበኩሉ ለኮንትራክተሮች በዱቤ ይሰጣል። ነገሩ እንዲቀል የተጨማሪ እሴት ታክስና የትርፍ ግብር ለጊዜው ይቆዩ።

ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ባለሱቁ 300,000 ብር በባንክ፣ 900,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ፣ 200,000 ብር የሚያወጣ መደርደሪያና መሣሪያ ነበረው፤ ለአከፋፋዮች ደግሞ የ400,000 ብር ዕዳ ነበረበት። ሀብቱ 1,400,000 ብር ሲሆን ዕዳው ሲቀነስ የራሱ ድርሻ 1,000,000 ብር ነው። ተማሪው ይህን አንድ ቀመር፣ ማለት ሀብት ከዕዳና ከባለቤቱ ድርሻ ድምር ጋር ሁልጊዜ እኩል መሆኑን፣ ከያዘ የቀረው ሁሉ ከዚሁ የሚመዘዝ ነው።

በዓመቱ ውስጥ ባለሱቁ የ3,000,000 ብር ዕቃ ሸጠ፤ ከዚህም 600,000 ብሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተሰበሰበም። የ2,500,000 ብር ዕቃ ገዛ፤ ለአከፋፋዮች ግን የከፈለው 2,050,000 ብር ነው። የቤቱ አከራይ የሁለት ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ካልተሰጠኝ ብሎት 360,000 ብር ከፈለ። ለሠራተኞች 150,000 ብር ሰጠ። ለልጆች ትምህርት ቤትና ለቤት ቀለብ 120,000 ብር ከሱቁ ወሰደ። ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ዕቃው ሲቆጠር 1,100,000 ብር ሆነ። መደርደሪያው በአሥር ዓመት ያልቃል ተብሎ ስለታሰበ የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 20,000 ብር ነው።

እንግዲህ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ፣ በመጀመሪያ ከነበረው 900,000 ላይ የተገዛው 2,500,000 ተጨምሮ የቀረው 1,100,000 ሲቀነስ፣ 2,300,000 ብር ይሆናል። ከሽያጩ ላይ ይህ ሲነሣ ጥቅል ትርፉ 700,000 ብር ነው። ከዚህም የዓመቱ ኪራይ 180,000፣ ደመወዝ 150,000፣ የእርጅና ቅናሽ 20,000 ሲቀነስ የተጣራው ትርፍ 350,000 ብር ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ያለው ሚዛንም የሚከተለው ነው።

ሀብት፤
በባንክና በሣጥን ያለ ገንዘብ — ብር 20,000
ከደንበኞች የሚሰበሰብ — ብር 600,000
በሱቅ ያለ ዕቃ — ብር 1,100,000
ቀድሞ የተከፈለ ኪራይ — ብር 180,000
መደርደሪያና መሣሪያ — ብር 180,000
ድምር — ብር 2,080,000

ዕዳና የባለቤቱ ድርሻ፤
ለአከፋፋዮች የሚከፈል — ብር 850,000
የባለቤቱ ድርሻ — ብር 1,230,000
ድምር — ብር 2,080,000

ባለሱቁ 350,000 ብር አትርፎ ሳለ ገንዘቡ ከ300,000 ወደ 20,000 ብር ወርዷል። የአባትየው ጥያቄ ይኸው ነው። ትርፉና የጎደለው 280,000 ብር ሲደመሩ ማብራሪያ የሚፈልገው 630,000 ብር ነው። መምህሩ እዚህ ላይ መልሱን አይስጥ፤ ተማሪዎቹ ሁለቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው ራሳቸው ይፈልጉት፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢፈጅም አይቆጭም። ሲፈለግም፣ 600,000 ብሩ በደንበኞች እጅ ነው፤ 200,000 ብሩ የዕቃው ብዛት በመጨመሩ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ 180,000 ብሩ ገና ላልመጣው ዓመት ኪራይ በአከራዩ ኪስ ነው፤ 120,000 ብሩ ለቤት ወጥቷል። ይህ 1,100,000 ብር ይሆናል። በሌላ በኩል የአከፋፋዮች ዕዳ በ450,000 ብር ስለጨመረ ያን ያህል ገንዘብ ሳይወጣ ቀርቷል፤ የእርጅናው ቅናሽ 20,000 ብርም ትርፉን ያሳነሰ እንጂ ከሣጥን የወጣ ገንዘብ አይደለም። ሁለቱ ሲቀነሱ 630,000 ብር በትክክል ይመጣል። ተማሪው የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ መግለጫ የሚባለውን ወረቀት ስሙን ሳይሰማ ሠርቶታል ማለት ነው። ስሙን በማግሥቱ ይማራል።

ባለሱቁ ይህን ባያውቅ የሚያገኘው ጉዳት ቀላል አይደለም። የትርፉ ግብር የሚታሰበው በ350,000 ብሩ ላይ እንጂ በሣጥኑ ውስጥ በቀረው 20,000 ብር ላይ አይደለምና፣ የመክፈያው ወር ሲደርስ ከዘመድ ለመበደር ይገደዳል። ወይም ትርፍ አለኝ ብሎ ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት ቁልፍ ገንዘብ ይከፍላል፤ አከፋፋዮቹ 850,000 ብራቸውን በአንድ ሳምንት የጠየቁት ዕለት ሁለቱም ሱቆች ይዘጋሉ። ከስረው ሳይሆን አትርፈው የተዘጉ ሱቆች ጥቂት እንዳልሆኑ የንግድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

የዴቢትና የክሬዲት ሕግ የሚመጣው ከዚህ በኋላ በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ቢሆን ይመረጣል። በዚያን ጊዜ ተማሪው መዝገቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ስለተረዳ በሁለት ሳምንት የሚበቃውን ያህል ይይዘዋል። የዕለት መዝገብ፣ ዋና መዝገብና የሙከራ ሚዛን ለእርሱ መንገድ ናቸው፤ በዚያ ላይ ሰባት ሳምንት መቆየት አያስፈልግም።

ከመጽሐፍ ውጭ ሊጨመር የሚገባው ትልቁ ነገር ዕቁብ ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ የሒሳብ መጽሐፍ ስለ ዕቁብ አይናገርም፤ የአዲስ አበባ ነጋዴ ግን ያለ ዕቁብ የሚነግድ ጥቂት ነው። ብዙ ባለሱቆች በየሳምንቱ የሚጥሉትን ወጪ፣ ዕጣ ሲደርሳቸው የሚቀበሉትን ደግሞ ገቢ ብለው ይጽፋሉ፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። የቤቴሉ ባለሱቅ አርባ ሰው ባለበት የአርባ ሳምንት ዕቁብ በየሳምንቱ 5,000 ብር ይጥላል ቢባል፣ በአሥረኛው ሳምንት ዕጣ ሳይደርሰው ዓመቱ ቢዘጋ የጣለው 50,000 ብር ሀብቱ ነው፤ ከማኅበሩ የሚሰበሰብ ሒሳብ ተብሎ በሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። በዚያው ሳምንት ዕጣው ደርሶት 200,000 ብር ቢቀበል ግን የራሱ የሆነው 50,000 ብሩ ብቻ ነው፤ በቀሩት 30 ሳምንታት የሚጥለው 150,000 ብር ዕዳ ነው። አንዲት ሳንቲም ትርፍ የለበትም። ዕጣው በደረሰው ዕለት አትርፌአለሁ ብሎ ገንዘቡን ለቤት ዕቃ የሚያወጣ ነጋዴ የማኅበሩን ገንዘብ ለቤት ዕቃ አወጣ ማለት ነው። ተማሪዎች በዚህ ላይ የሚያነሡት ክርክር ከማንኛውም የመጽሐፍ ልምምድ ይልቅ ሀብትንና ዕዳን ያስተምራል።

ተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ነው። ከገዢው የሚሰበሰበው 15 በመቶ ለመንግሥት እስኪገባ ድረስ በነጋዴው እጅ ያለ አደራ ስለሆነ ከዕዳ ወገን ይጻፋል፤ ከሽያጭ ጋር አይደመርም።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት የሚለየው ቁጥሩ ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ቁጥሩ ፍርድ ስለሚፈልግ ነው። የቤቴሉ ሱቅ ከደንበኞች የሚሰበስበው 600,000 ብር በእውነት ይሰበሰባል ወይ? ሲሶው ሥራውን ጥሎ ከሄደ ኮንትራክተር ላይ ያለ ቢሆን 200,000 ብሩ ኪሳራ ነው፤ ትርፉም ወደ 150,000 ብር ይወርዳል። አገሪቱ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ኪሳራው በዓይን እስኪታይ ሳይጠበቅ አስቀድሞ እንዲገመት ያዝዛል። ግምቱን ግን ሕግ አይነግርም፤ ሰው ነው የሚገምተው። መምህሩ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ባለሱቅ፣ ግማሹን ብድር የሚሰጥ ባንክ አድርጎ ቢያከራክር፣ አንዱ ደብተር ለሁለት ሰዎች ሁለት ዓይነት ትርፍ እንደሚያሳይ ይታያል።

ሌላው ብዙ ፍርድ የሚጠይቀው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ይህም የሚነካው ለቤቴሉ ሱቅ ዕቃ የሚያቀርበውን አስመጪ ነው። አስመጪው በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. የ20,000 ዶላር ቀለም ከውጭ አገር አቅራቢ በብድር አስመጣ እንበል። በዚያን ጊዜ 1 ዶላር በ57 ብር ግድም ነበርና ዕቃውም ዕዳውም 1,140,000 ብር ተብለው ተመዘገቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብሩም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 በላይ ለ1 ዶላር ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ለልምምዱ 1 ዶላር በ130 ብር ቢታሰብ፣ ዕዳው 2,600,000 ብር ይሆናል፤ የ1,460,000 ብር የምንዛሪ ኪሳራም በዚያው ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ይወርዳል። ግማሹ ቀለም ገና በመጋዘን ቢሆንስ? ዕቃው በገበያ ዋጋው ከፍ ቢልም በመዝገብ የሚቀመጠው በተገዛበት በ570,000 ብር ነው። ዕዳው በአዲሱ ዋጋ፣ ዕቃው በአሮጌው።

ነጋዴ ይህን ሲሰማ ይቈጣል፤ ቊጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ማስረዳት የመምህሩ ሥራ ነው። ዕዳው በዶላር የተቈረጠ ስለሆነ ዛሬ ቢከፈል የሚያስወጣው ብር የታወቀ ነው፤ ዕቃው ግን እስኪሸጥ ድረስ በስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ የለም፤ ሊሰበር፣ ሊደርቅ፣ ገዢ ሊያጣ ይችላል። ትርፉ የሚጻፈው በተሸጠ ጊዜ ነው። ይህን የተረዳ አስመጪ ኪሳራውን የሚያሳየውን ወረቀት ይዞ ወደ ባንክ ሲሄድ፣ በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ ዝርዝርና የገበያ ዋጋ አብሮ በማብራሪያ ለማቅረብ ይችላል፤ ያልተረዳው ግን ወይ ሒሳብ ሠራተኛውን ያባርራል፣ ወይ ቁጥሩ እንዲለወጥለት ይጠይቃል።

ስለ ዕቃ አቈጣጠርም አንድ ምሳሌ ይበቃል። 100 ጋሎን ቀለም እያንዳንዱ በ1,000 ብር፣ ቀጥሎም 100 ጋሎን በ1,500 ብር ተገዝቶ፣ 100ው በ1,700 ብር ቢሸጥ፣ በፊት የገባው በፊት ወጣ ተብሎ ሲታሰብ ትርፉ 70,000 ብር፣ በአማካይ ዋጋ ሲታሰብ 45,000 ብር ነው። ሁለቱም የተፈቀዱ ናቸው፤ በኋላ የገባው በፊት ወጣ የሚለው ሦስተኛው ዘዴ ግን በዓለም አቀፉ ደረጃ አልተፈቀደም።

ሕጉን በተመለከተ መምህሩ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ በቂ ነው። ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ደግሞ ዓለም አቀፉን ደረጃ አስገብቷል፤ ይህንንም የሚቈጣጠር የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል። በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ስለጀመረ፣ አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ነጋዴ ሁሉ የሌላውን ሰው ሒሳብ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በአሥራ አምስተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ አንድ ባንክ ያሳተመውን የዓመት ሪፖርት ይዘው ይምጡ፤ ከማብራሪያዎቹ ጀምረው ያንብቡ፤ በፊት ገጽ ያለውን ፎቶግራፍና የሊቀ መንበሩን መልእክት ቢያልፉት የሚጎድልባቸው የለም።

አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሱቁ የሚሠራው በአማርኛ ነው። ተማሪው በክፍል የተማረውን ቃል ለአባቱ መንገር ካልቻለ ትምህርቱ ከበሩ ላይ ይቀራል። መምህሩ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ቢናገር፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ ማለት በዱቤ ደብተሩ ላይ ያለው ነው፣ ተከፋይ ሒሳብ ማለት የአከፋፋዩ ዱቤ ነው እያለ ቢያገናኝ፣ ጊዜ አያባክንም።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እውነተኛ ደብተር ያስፈልጋል፤ ይህም በነጋዴዎች እጅ ነው። ግብሩ ተከፍሎ ያለቀ የድሮ ዓመት መዝገብ፣ የሰው ስምና የባንክ ቁጥር ተሰርዞ ቅጂው ለመምህሩ ቢሰጥ፣ ባለቤቱ የሚጎዳበት ነገር የለም፤ ከደብተሩ ጋር የዕቁቡ ዝርዝርና ያልተሰበሰበው ዱቤም ቢጨመር የበለጠ ይጠቅማል።

ፈተናውም እንደ ትምህርቱ ይሁን። ለተማሪው የአንድ ሱቅ ሁለት ሚዛኖች፣ የአምናውና የዘንድሮው፣ ይሰጡትና ለባለሱቁ በአማርኛ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ትርፉ ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ፣ በመጪው ሦስት ወር የትኛው ዕዳ ቀድሞ እንደሚያስጨንቀው ያስረዳው። ቁጥሩን በትክክል አግኝቶ ምክንያቱን ያልጻፈ ግማሽ ነጥብ ያገኛል።